ሰርቨሩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለስኩበት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ያስረከብኩት ንብረት አንድ ገጽ አልሞላም። ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ካቻቪቴ፣ ሁለት ትርፍ ዲስክ፣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ የፓስወርድ ዝርዝር። ተረካቢው ባለሙያ ፈርሞ ሲያበቃ «ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለ፤ ግን ርክክብ ቅጽ ላይ የሚሞላ አይደለም» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ያን ዕለት ሳልነግረው የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ስሜ ዘነበች ይባላል። እምድብር ተወልጄ፣ እዚያው ታይፕ ተምሬ፣ ወልቂጤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ አለቃችን ዳንቴል አልብሶት፣ ክፍሉን ቆልፎ፣ ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። አንድ ቀን የአለቃችን ካልሲ ተቀዶ ኖሮ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ አየሁና ሳቄ አመለጠኝ፤ ክፍሉን እንዳልረግጥ ተከለከልኩ። ወር ሳይሞላ ግን ደብዳቤ የሚጽፍለት ሲያጣ ራሱ ጠራኝ። ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተር ተለይቼ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ሽብሩ ነው። ዕድሜውን በስልክ ቴክኒሻንነት የፈጀ፣ በኋላ እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ጥገና ላይ የተመደበ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቢሮው በእሳት ቢያያዝ እንኳ የማይቸኩል ሰው። አንድ ማሽን ተበላሸ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለት እጁን ወደ ኋላ ማጣመር ነው። እንደዚያ ቆሞ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስሕተት ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ቁጥሩንም ሰረዙንም አይተውም። እኛ «ቅዳሴ ገባ» እያልን እንሳሳቅ ነበር።

«ማሽኑ ምን እንዳመመው እየነገረሽ ነው» ይለኛል፣ እጄ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፍ። «አንቺ ደግሞ ሳትሰሚው ታቋርጪዋለሽ። እጅሽን አንሺ!»

ሁለተኛው አመሉ ደብተሩ ነው። የነካውን ሁሉ ይጽፋል፤ ምን እንደነበር፣ ምን እንዳደረገው፣ በስንት ሰዓት። ከሥሩ ይፈርማል። «ጋሼ፣ ማን ያየዋል ብለህ ነው የምትፈርመው?» ብለው «ነገ ራሴው እንዳልክደው ነው» አለኝ። እኔም ደብተር ገዛሁ።

አንድ በልግ ከዋናው ቢሮ እስከ መዝገብ ቤት የተዘረጋው ኔትወርክ አስቸገረን። ሲዘንብ ይሠራል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይቋረጣል። ቫይረስ ነው ተባለ፤ ሁለት ኮምፒውተር ፎርማት ተደረገ። ጋሽ ሽብሩ ከሄደበት ሲመለስ ስሕተቱን አነበበ፣ እጁን እንዳጣመረ ወጣና ገመዱን ተከትሎ በጓሮ በኩል ሄደ። ዘበኛችን የታጠበ ቃጫ ኔትወርክ ገመዳችን ላይ አስጥቶ አገኘው። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ያሰጣል፤ እርጥቡ ቃጫ ይከብድና ገመዱን ከመሰኪያው ይጎትተዋል። ጋሽ ሽብሩ ዘበኛውን አልተቆጣም። እኛን ግን «ሁለት ኮምፒውተር አጠባችሁ፣ አንዳችሁ ግን ተነሥታችሁ ደጅ አልወጣችሁም» አለን። አፈርን።

እሱ ጡረታ ሲወጣ እኔም ብዙ አልቆየሁም። ጉብሬ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር አስተማርኩ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አተምኩ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከፕሪንተር ቶነር ጋር ስታገል ነው ያለፈው። ከዚያ ቡታጅራ አንድ የግል ክሊኒክ የሰርቨር ኃላፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራም። ወልቂጤም ትንሽ ቅርንጫፍ ስለነበረው ሰኞ ሰኞ ወደዚያ እሄዳለሁ።

የታካሚው መዝገብ ሁሉ የሚቀመጥበት የክሊኒኩ ሰርቨር የራሱ ስክሪን አልነበረውም። ከየትኛውም ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍተን፣ ፓስወርድ አስገብተን የምናዝበት ገጽ ነበረው። ሰርቨሩን ማጥፋት፣ ማብራት፣ ባክአፕ የምንለውን የመዝገቡን ቅጂ ማዘዝ፣ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ሁሉም በዚያ ገጽ ነው። ካርድ ክፍሎቹ «የዘነበች መስኮት» ይሉት ነበር። ፓስወርዱን የምናውቀው እኔና ከድር ብቻ ነን። ሰኞ እኔ ስለማልኖር፣ ፕሪንተሩ ሲቆም እንዲያስነሣው ብዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ከድር ነስሩ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የመስቃን ልጅ። ታካሚውን በካርድ ቁጥር ሳይሆን በአባቱ ስም የሚያውቅ፣ ሰልፍ ውስጥ ሽማግሌ ካየ ወንበሩን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። እኔን «ዘኑ» ይለኛል። ምሳ አብረን ነው የምንበላው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ሥጋ ስለማንጋራ ፆምም ይሁን ፍስክ ሽሮ ነው የምናዘው። አስተናጋጇ ገና በሩ ላይ ስታየን «አንድ ሽሮ ለሁለት!» ብላ ትጮሃለች።

ነገሩ የተነሣው ከቀጠሮ ወረቀት ነው። የካርድ ፕሮግራሙ ቀጠሮ የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። የገጠሩ ሰው አሥራ ሁለት የሚል ካየ በእኛው አሥራ ሁለት ነው የሚመጣው። በየካቲት አንዲት እናት ከቀጠሯቸው ሳምንት ዘግይተው መጡ፤ የስኳር መድኃኒታቸው ካለቀ ቆይቷል። ደክመው ግድግዳ ተደግፈው ሳለ ከድር ቢሮዬ ገባ።

«ዘኑ፣ ወላሂ ሰዉ በእኛ ምክንያት እየተንገላታ ነው። ይቺን ቀን የእኛ አድርጊልን።»

ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ሲታተም ቀኑን እንዲቀይር ማድረግ ነበር። ጽፈንላቸው ወራት አልፏል፤ መልስ የለም። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም፤ መመስገን ግን እወዳለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገጹን ከፈትኩና የሰርቨሩን ቀን በእኛው አቆጣጠር ሞላሁት። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውንም ዘጋሁት፤ መልሶ እንዳያበላሽብኝ ብዬ! ሰርቨሩ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ። ወረቀቱ የእኛን ቀን ይዞ ሲወጣ ካርድ ክፍል ውስጥ ተጨበጨበ። «አንቺ እኮ ዶክተር ነሽ!» አለ ከድር። ደስ አለኝ።

ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። ሰዓት ማስተካከል ደግሞ ጥገና ነው እንዴ አልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ እኔ ወልቂጤ ሳለሁ ከድር ደወለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ጠፍቶ ተነሥቷል፤ የታካሚ ካርድ አይከፍትም። ገጹን ልክፈት ቢል ገጹም ስሕተት አውጥቶ አላስገባ ብሎታል። ሚኒባስ ይዤ መጣሁ። የታካሚ ካርድ ያለበት ዲስክ ተበላሽቷል። እሱስ ግድ የለም፣ ዲስክ ይበላሻል፣ ባክአፕ ለዚያ ነው ብዬ የባክአፑን ሣጥን ሳየው የመጨረሻው የአሥራ ሁለት ቀን ዕድሜ አለው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መቀመጥ የነበረባቸው አንዳቸውም የሉም። ዲስኩን ቀይሬ ያለውን ከሣጥኑ መለስኩ፤ የአሥራ ሁለት ቀን ታካሚ ግን ከነምርመራው ጠፋ።

በማግሥቱ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ግርማ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የጀመሩትን ጥርጣሬ መጣል አይችሉም።

«ዲስኩ ተበላሸ እንበል። ባክአፑ የት ሄደ?»

«አላወቅኩም።»

«ከዚያ ገጽ ውጪ ማጥፋት ይቻላል?»

«አይቻልም።»

«ከአንቺ ሌላ ፓስወርዱን ማን ያውቃል?»

«ከድር» አልኩ። እውነት ነው፤ ሌላ ምን ልበል።

ከጠፉት ካርዶች መካከል በመሬት ጠብ ተደብድቦ የመጣ የአንድ ሰው ካርድ ነበር፤ ፖሊስ ለማስረጃ ጠይቆታል። አቶ ግርማ ይህን ከባክአፑ መጥፋት ጋር አገናኙት። ሰኞ ዘነበች የለችም፤ ከድር አለ፤ ፓስወርድ አለው፤ ማስረጃ ጠፋ፤ ገጹም ማንንም እንዳያስገባ ተቆለፈ። ከድር ያን ዕለት ከሥራ ታገደ። ዓርብ ኮሚቴ ሊሰማው፣ ከዚያም ጉዳዩ ለፖሊስ ሊተላለፍ ተወሰነ።

ማክሰኞን ሙሉ ከገጹ ጋር ስታገል ዋልኩ። የሚያወጣው ስሕተት የምስክር ወረቀት የሚባለውን ነገር ይመለከታል፤ ገጹ ትክክለኛው ገጽ መሆኑን የሚያሳይበት መታወቂያው ነው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ተብሎ የተሰጠ። «የምስክር ወረቀት» የሚለውንና «አይጸናም» የሚለውን አየሁ፣ የቀረውን ዘለልኩት። ብሮውዘር ቀየርኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ፣ ሰርቨሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ደብተሬን ገለበጥኩ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም የነካሁት የለም ይላል። አንድ አፍታ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከድርን እኔም ጠረጠርኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሲጨንቀኝ ወልቂጤ ጋሽ ሽብሩ ጋ ደወልኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው።

«አንብቢልኝ» አለ።

«ጋሼ፣ የምስክር ወረቀት ነገር ነው፣ አይጸናም ነው የሚለው...»

«ንገሪኝ አላልኩም። አንብቢልኝ። እጅሽን አንሺ።»

እጄን አነሣሁ። ቃል በቃል አነበብኩለት። ለካ ስሕተቱ «አይጸናም» አይልም፤ «ገና አልጸናም» ነው የሚለው።

«ገና?» አለ። «ስንት ጊዜ ሠራችሁበት?»

«አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት የሠራችሁበት እንዴት ነው ገና የሚሆነው? ለሰርቨሩ ዛሬ ስንት ነው ቀኑ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ገጹ መታወቂያውን ከሰርቨሩ ቀን ጋር የሚያስተያየው ሲነሣ ነው፤ እስከ ሰኞ አልጠፋም ነበርና አልታወቀበትም። ሲነሣ ግን በሰርቨሩ ቀን መታወቂያው ሊሰጥ ገና ዓመታት ይቀሩታል። ባክአፑም ያው ነው። ሣጥኑ ሠላሳ ባክአፕ ብቻ ይይዛል፤ አዲስ ሲገባ በቀኑ ያረጀውን ይጥላል። እኔ ቀኑን ከቀየርኩ ወዲህ የሚገባው ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስለዋል። እንደገባ ይጥለዋል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ባክአፑን በየቀኑ እየሠራ በየቀኑ ሲጥል ከርሟል፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ለጋሽ ሽብሩ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሰው ታግዷል አላልሽም?» አለ።

«አዎ።»

«ዛሬውኑ ንገሪ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

አልተናገርኩም። ሰርቨሩ ላይ የሌላ ኮምፒውተር ስክሪን ሰክቼ፣ ገና ሲነሣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ገጹ ተከፈተ፣ አቶ ግርማን «ገጹ ተከፍቷል» አልኳቸውና ወጣሁ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ግን ከሥራ መባረሩ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። አንዳንዱ በጀርባዬ «ታይፒስቷ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ድሮስ ታይፒስት፣ ሰርቨር ምኗ ነው» ሲባል ታየኝ። ደግሞ ለራሴ የማልለው የለም፤ ቀኑን ቀይሪልን ያለው እኮ እሱ ራሱ ነው አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ስለ ከድር።

ከድር ቢታገድም በምሳ ሰዓት በሩ ላይ እየመጣ ይጠብቀኝ ነበር። ረቡዕ አብረን በላን። ሐሙስም አብረን በላን። ሐሙስ ዕለት እንጀራው አልወርድ ብሎኝ ስነካካ አየና በእጁ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

«ብዪ እንጂ ዘኑ። ያው እኔ ነኝ የታገድኩት፣ አንቺን ምን አከሳሽ?» አለና ሳቅ አለ። ቀጥሎ ግን «አንቺ እንኳ አለሽ። ሌላው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል» አለኝ።

ጎርሼ ዋጥኩ። ያኔም አልተናገርኩም።

ዓርብ ኮሚቴው ሲቀመጥ ከድር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የድሮ የሥራ ምስክር ወረቀቶቹን በፋይል ይዞ። አጠገቡ ሳልፍ «ዱዓ አድርጊልኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው አላስችል ያለኝ። ሳይጠሩኝ ገባሁ። ቀኑን የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ባክአፑ ለምን እንደጠፋ፣ ከድር ምንም እንዳልነካ ነገርኳቸው። አቶ ግርማ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሦስተኛ እንዳያስደግሙኝ ሰርቨሩ ራሱ የመዘገበውን አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ቅጣት፣ ለከድር ወደ ሥራው መመለሻ ደብዳቤ ተጻፈ። የተደበደበውን ሰው ማስረጃ ሐኪሙ ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ጻፈለት። የቀሩትን ታካሚዎች ከነርሶች ደብተር እየለቀምን መልሰን አስገባን፤ ያላገኘናቸውም አሉ።

ከድር በሩ ላይ ጠበቀኝ። ደብዳቤውን አጥፎ ይዞታል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «እውነቱን ስላወጣሽ አመሰግናለሁ።» ደብዳቤውን ኪሱ ከተተና «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ረቡዕ ጠዋት» አልኩት።

«ረቡዕ ምሳ ስንበላ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሐሙስም።»

«ሐሙስም።»

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ሐሙስ ማታ አባቴ ከገጠር ቤቴ ድረስ መጥቶ ቁርአን አስይዞ አስማለኝ» አለ። «ሰፈር ውስጥ ልጅህ ማስረጃ ሸጠ ሲባል ሰምቶ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ሚስቴና ልጆቼ ፊት።» ከዚያ «ደህና ዋይ፣ ወይዘሮ ዘነበች» ብሎኝ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ስሕተት ሳስተካክል ኖሬያለሁ፤ አብዛኛው ወደነበረበት ይመለሳል። ይሄ የት ይመለሳል? ለከድር ደብዳቤ ተጽፎለታል። ለአባቱ ግን የጻፈላቸው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ከድር አባት መንደር ተሳፈርኩ። ከአስፋልቱ ወርጄ በጋሪ ወደ መንደሩ ገባሁ። አባባ ነስሩን የበርበሬ ማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሰማንያ ያለፉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ከከድር ጋር የምሠራ ነኝ ስላቸው «ሰው ሲሸሸን አንቺ ጠየቅሽን፣ ተባረኪ» አሉኝ። ምርቃቱ ሳይበርድ ነገርኳቸው። ሰርቨር፣ ባክአፕ የሚለውን ሁሉ ትቼ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከድር እጁ የለበትም። ረቡዕ አውቄ እስከ ዓርብ ዝም አልኩ» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሐሙስ ጠዋት ብትናገሪ ኖሮ አላስምለውም ነበር።»

«አዎ አባባ።»

«ሲምል አላለቀሰም» አሉ። «መጽሐፉን ይዞ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየኝ።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንቺስ መጥተሽ ነገርሽኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ። የቸገረኝ የራሴ ነው። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣል። ልጄን ምን ብዬ ነው ቀና ብዬ የማየው?»

ሊመልሰኝ የሚጠብቀውን ባለጋሪ ሂድ አልኩትና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከድር እስኪመጣ ሁለታችንም አብረን ጠበቅነው።